ሌፕቲን፣ ረሃብና ውፍረት፦ ስለ ጄፍሪ ፍሪድማን ምርምር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የውፍረት ወሬ ሲነሳ ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «ሆዱን አይገዛም» የሚል ነው። ይህን ለወፈረ ሰው ፊት ለፊት የሚናገር ዘመድ አይጠፋም። እኔም ብዬ አውቃለሁ፤ አሁን ይቆጨኛል። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የአንድ ሐኪም የብዙ ዓመት ምርምር ነው። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ስለዚህ ሥራ ባወራሁ ቁጥር የሚነሱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጄፍሪ ፍሪድማን ማን ናቸው?

በኒውዮርክ የሮክፌለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናቸው። የተወለዱት በ1954 ነው። ከኦልባኒ ሜዲካል ኮሌጅ በሕክምና ሲመረቁ ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ቆይተው ወደ ሮክፌለር ገቡ፤ ላቦራቶሪ ለመዱ፤ እዚያው ቀሩ። በ1986 ዶክትሬታቸውን ጨርሰው የራሳቸውን ምርምር ሲጀምሩ ብዙ ዓመት የሚወስድባቸውን ጥያቄ ያዙ፦ አንዲት ወፍራም አይጥ ለምን አትጠግብም?

የምን አይጥ?

ነገሩ የሚጀምረው ከእሳቸው በፊት ነው። በ1949 በአሜሪካ ሜን ግዛት፣ ባር ሃርበር ከተማ በሚገኘው ጃክሰን ላቦራቶሪ፣ ከመጠን በላይ የሚወፍሩ አይጦች ተገኙ። አድገው ሲጨርሱ የጤነኛውን ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝናሉ። መብላት አያቆሙም። «ኦብ» የሚል ስም ወጣላቸው። በ1966 ደግሞ እዚያው ሌላ ዘር ተገኘ። እሱም ይወፍራል፤ በዚያ ላይ ከባድ የስኳር በሽታ አለበት። ይሄኛው «ዲቢ» ተባለ።

ዳግላስ ኮልማን የሚባሉ በካናዳ የተወለዱ ተመራማሪ እነዚህን አይጦች ያዙ። ሁለት አይጦችን ጎን ለጎን ሰፍተው የአንዷ ደም ወደ ሌላዋ እንዲያልፍ አደረጉ። ሲሰሙት ይዘገንናል። ውጤቱ ግን እንዲህ ነበር። ዲቢ ከጤነኛ ጋር ስትሰፋ ጤነኛዋ መብላት አቆመች፤ ምግቡ አጠገቧ እያለ በረሃብ ሞተች። ዲቢዋ ምንም አልሆነችም። ዲቢ ከኦብ ጋር ስትሰፋም ያቺ ጠግባ የማታውቀው ኦብ ምግብ እርግፍ አድርጋ ትታ ሞተች። ኦብ ከጤነኛ ጋር ስትሰፋ ግን ሁለቱም በሕይወት ቆዩ፤ ኦቧም ትንሽ ትንሽ እየበላች ክብደት ቀነሰች።

ኮልማን ከዚህ የደረሱበት ቀላል ነው። በደም ውስጥ የሚሄድ «ይበቃል» የሚል መልእክት አለ። ኦብ መልእክቱን አትሠራም፤ ከሌላ ካገኘች ግን ትሰማለች። ዲቢ በገፍ ታመርታለች፤ እሷ ራሷ ግን አትሰማም። መልእክቱ ምን እንደሆነ ያኔ ማወቅ አልተቻለም። ብዙ የሙያ ባልደረቦቻቸውም አላመኗቸውም። ውፍረት የጠባይ ጉዳይ ነው የሚለው እምነት በሳይንቲስቶቹም ዘንድ ሥር የሰደደ ነበር።

ጂኑን ለማግኘት ለምን 8 ዓመት ፈጀ?

ኦብ መልእክቱን የማትሠራው አንድ ጂን፣ ማለትም በዘር የሚወረስ የሰውነት የሥራ መመሪያ፣ ስለተበላሸባት ነው፤ የሚፈለገውም እሱ ነበር። ዛሬ አንድ ተማሪ ኮምፒውተር ከፍቶ የአይጥን ጂኖች ዝርዝር ማየት ይችላል። ያኔ እንዲህ ዓይነት ዝርዝር አልነበረም። ፍሪድማን ሥራውን የጀመሩት ሩዶልፍ ሊብል ከሚባሉ ሐኪም ጋር ሆነው ነው። አይጦችን ያዳቅላሉ፤ የትኛው ወፈረ፣ የትኛው ቀረ ብለው ይመዘግባሉ፤ ከዚያ ጂኑ ያለበትን ቦታ በጥቂት በጥቂቱ ያጠባሉ። በዚህ መንገድ ከሺህ በላይ አይጦች አልፈዋል። ቦታው በአይጥ 6ኛ ክሮሞዞም (ጂኖች ከተደረደሩባቸው ክሮች አንዱ) ላይ እንደሆነ ታወቀ። መንደሩን ካወቁ በኋላ ደግሞ ቤት ለቤት ማንኳኳት ቀረ።

ሜይ 8 ቀን 1994፣ እሑድ ሊነጋጋ ሲል፣ ፍሪድማን ጨለማ ክፍል ገብተው አንድ ፊልም አጠቡ። ድሮ ፎቶ ቤት እንደሚደረገው ማለት ነው። ፊልሙ ላይ የሚወጣው ጥቁር ምልክት አንድ ጂን በስብ ውስጥ ምን ያህል እየሠራ እንደሆነ ያሳያል። በጤነኛዋ አይጥ ቦታ መጠነኛ ምልክት አለ። የኦብ ጉድለት ካለባቸው ሁለት የተለያዩ የአይጥ ዘሮች በአንደኛው ቦታ ምንም የለም፤ ባዶ ነው። በሌላኛው ቦታ ግን ምልክቱ ድፍን ጥቁር ነው፤ ከጤነኛዋ ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ባዶው ይገባል፤ ጂኑ አይሠራም ማለት ነው። የበዛውስ? በዚያኛው ዘር ጂን ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ተሳስታለች። በእሷ ምክንያት ፕሮቲኑ ሳያልቅ መሐል ላይ ይቆረጣል። ሰውነት መልእክቱ ስላልደረሰው «ጨምር፣ ጨምር» እያለ ጂኑን ያሠራዋል። ጂኑም ይሠራል። የሚወጣው ሁሉ ግን የተበላሸ ነው። እኔን ከታሪኩ ሁሉ በላይ የሚነካኝ ይህ ነው። አይጧ ሰነፍ አይደለችም። ሰውነቷ ሌት ተቀን ይታገላል፤ የተሳሳተችባት አንዲት ፊደል ናት።

ግኝቱ ዲሴምበር 1 ቀን 1994 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ታተመ። የጽሑፉ ቀዳሚ ጸሐፊ በፍሪድማን ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዪይንግ ዣንግ ናቸው። ስማቸው ብዙ ጊዜ ስለሚዘለል እዚህ ላይ መጻፍ ፈለግኩ።

ሌፕቲን የሚባለው እሱ ነው?

አዎ። ስሙ የወጣው በ1995 ሲሆን «ሌፕቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ቀጭን ማለት ነው። ሌፕቲን በዋናነት በስብ ውስጥ የሚሠራ ሆርሞን ነው። እስከዚያ ድረስ ስብ ዝም ብሎ የተከማቸ ነዳጅ ተደርጎ ነበር የሚታየው። ለአንጎል መልእክት ይልካል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ሰው ነው።

እኔ ሌፕቲንን የማስበው እንደ ድሮ ገበሬ ቤት እመቤት ነው። ጎተራውን ታያለች። «እስከ መኸር ያደርሰናል» ካለች ድግስ ይደገሳል፣ ልጅ ይዳራል። «አያደርሰንም» ካለች ሁሉም ነገር ይቆጠባል። ስብ ሲበዛ ደም ውስጥ ያለው ሌፕቲን ይጨምራል፤ ስብ ሲቀንስ ይቀንሳል። ወሬውን የሚቀበለው ሃይፖታላመስ የሚባል ከአንጎል ሥር ያለ ትንሽ ክፍል ነው። እዚያ «ብላ» የሚሉ ነርቮች አሉ፣ «ተው፣ ይበቃል» የሚሉም አሉ። ሌፕቲን የመጀመሪያዎቹን ዝም ያሰኛል፤ ሁለተኞቹን ይቀሰቅሳል።

በ1995 ለኦብ አይጦች ሌፕቲን በመርፌ ሲሰጥ መብላት ቀነሱ፤ ስባቸውም ቀለጠ። ዲቢዎቹ ላይ ምንም አልሠራም። ብዙም ሳይቆይ የሌፕቲን መቀበያው ተገኘ፤ በዲቢ አይጦች የተበላሸውም እሱ ነው። ኮልማን ከሃያ ዓመት በፊት የተናገሩት ቃል በቃል ማለት ይቻላል እውነት ሆነ። ኮልማንና ፍሪድማን በ2010 ላስከር የተባለውን ትልቅ የአሜሪካ የሕክምና ምርምር ሽልማት አብረው ወሰዱ። ኮልማን በ2014 አርፈዋል። ይህን ሳያዩ ባለመቅረታቸው ደስ ይለኛል።

ሌፕቲን ሲያንስስ ምን ይሆናል?

ብዙ ሰው ሌፕቲን የማቅጠኛ ሆርሞን ይመስለዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ትልቁ ሥራው ሲቀንስ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ነው። በ1996 የወጣ ምርምር እንዳሳየው ምግብ ሲጠፋ ሌፕቲን በፍጥነት ይወድቃል። አንጎል ይህን እንደ ረሃብ ዘመን ይቆጥረዋል። ረሃብ ይጨምራል። የኃይል አጠቃቀም ይቀንሳል። ልጅ የመውለድ ሥርዓት ይዘጋል። ሰውነታቸው በጣም የቀጠነ አንዳንድ ሴት ስፖርተኞች የወር አበባቸው የሚቋረጠው በዚህ መንገድ ነው። ሌፕቲን ሲሰጣቸው ዑደታቸው የተመለሰ አሉ። ጎተራው ባዶ ነው ከተባለ ሠርግ የለም።

በሰው ላይ ታይቷል?

ታይቷል። በ1997 እንግሊዝ አገር የሚኖሩ ሁለት ሕፃናት ታሪክ ወጣ። የዘመዳሞች ልጆች ናቸው፤ ቤተሰቡ ከፓኪስታን የመጣ ነው። ልጅቱ በ8 ዓመቷ 86 ኪሎ ትመዝን ነበር። ወንዱ ልጅ በ2 ዓመቱ 29 ኪሎ። ሲወለዱ ክብደታቸው ጤነኛ ነበር። ከዚያ ግን ረሃባቸው አልበርድ አለ። የካምብሪጅ ሐኪሞች እነ ስቴፈን ኦራሂሊና ሳዳፍ ፋሩቂ ደማቸውን መረመሩ። ሌፕቲን የለም ማለት ይቻላል።

ልጅቱ ሕክምና ስትጀምር 94 ኪሎ ደርሳ ነበር፤ ለመራመድም ትቸገራለች። በየቀኑ ሌፕቲን ትወጋ ጀመር። በአንድ ዓመት ውስጥ 16 ኪሎ ያህል ቀነሰች፤ ከሞላ ጎደል ሁሉም ስብ ነው። ማንም ምክር አልሰጣትም፤ ማንም አልተቆጣትም። የጎደለው ሆርሞን ተተካ፤ ጠገበች፤ ተወች። የነዚያን ልጆች እናቶች አስቧቸው። ስንቴ «ልጅሽን መያዝ አቃተሽ» ተብለው ይሆን?

ታዲያ ለምን ለሁላችንም አይሰጥም?

መጀመሪያ የተሞከረው ይህ ነበር። አምጀን የተባለው መድኃኒት ኩባንያ ለሌፕቲን መብት ለሮክፌለር 20 ሚሊዮን ዶላር ቅድሚያ ከፍሏል። ውፍረት አበቃለት ተብሎ ነበር። በ1999 በወፍራም ሰዎች ላይ የተሞከረው ውጤት ሲወጣ ግን ጥቂቶች በደንብ ቀነሱ፤ አብዛኞቹ ላይ ብዙም ለውጥ አልታየም።

ምክንያቱ አብዛኛው ወፍራም ሰው ሌፕቲን ያልጎደለው መሆኑ ነው። እንዲያውም ሲለካ ከቀጭን ሰው አራት እጥፍ ያህል ይገኝበታል። አንጎሉ ግን መልእክቱን በሚገባ አይሰማም። ይህ የሌፕቲን አለመሰማት ይባላል። ዓይነት 2 በሚባለው የስኳር በሽታ ኢንሱሊን እያለ በሚገባ እንደማይሠራው ማለት ነው። ስለዚህ አብዛኞቻችን ከኦብ ይልቅ ለዲቢ እንቀርባለን። ለምን አይሰማም የሚለውን የፍሪድማን ላቦራቶሪ እስካሁን እየመረመረ ነው።

መድኃኒቱ ግን ከንቱ አልቀረም። ሰውነታቸው ስብ ማከማቸት የማይችል ሰዎች አሉ። ስብ ከሌለ ሌፕቲን የለም። ስለዚህ እጅግ ቀጭን ሆነው ሳለ ያለማቋረጥ ይርባቸዋል። ስቡ መቀመጫ ሲያጣ ጉበት ውስጥ ይገባል፤ ከባድ ስኳርም ይይዛቸዋል። ሜትሬሌፕቲን የሚባለው በመርፌ የሚሰጥ ሌፕቲን ለእነዚህ ሕሙማን በጃፓን በ2013፣ በአሜሪካ በ2014 ተፈቅዷል።

ኦንላይን የሚሸጥ «የሌፕቲን ክኒን» አይቻለሁ፤ ልግዛ?

አትግዙ። ሌፕቲን ፕሮቲን ነው። ብትውጡት እንደ ሥጋና እንደ ምስር ጨጓራና አንጀት ይፈጩታል። የሚሠራው በመርፌ ሲሰጥ ነው። የጠርሙሱ ላይ ስም ምንም ይበል፣ የምትከፍሉት ለቪታሚንና ለቅጠል ዱቄት ነው።

ረሃብን የሚቀሰቅስ ሆርሞንም አለ?

አለ፤ ግሬሊን ይባላል። በ1999 ያገኙት ማሳያሱ ኮጂማና ኬንጂ ካንጋዋ የተባሉ ጃፓናውያን ናቸው። በዋናነት የሚሠራው ጨጓራ ውስጥ ነው። ከምግብ በፊት ከፍ ይላል፤ ስንበላ ዝቅ ይላል። ሌፕቲን የወራትን ወሬ ያመጣል፤ ግሬሊን የሰዓታትን።

ጾም የለመደ ሰው ይህን ሳይማር ያውቀዋል። በጾም የመጀመሪያ ቀናት ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሆድ ይጮኻል። ጥቂት ብትታገሡት፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ ይተዋችኋል። ግሬሊን በለመድነው የምግብ ሰዓት ወጥቶ መልሶ ይወርዳልና ነው። «ረሃቡ አለፈኝ» የምንለው ለዚህ ነው። ሲለካም እንዲሁ ታይቷል።

ጾም ያቀጥናል ወይ የሚለውም ይጠየቃል። የሚበላው ጠቅላላ መጠን ከቀነሰ ያቀጥናል። ከሰዓት ላይ ጾሙ ሲፈታ በዘይት የተጥለቀለቀ ሽሮና ዳቦ ከተደረበበት አያቀጥንም። ሆርሞኖቹ የሚያዩት ስቡንና ምግቡን ነው።

እንቅልፍ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በ2004 በቺካጎ 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ላይ ተሞክሯል። ሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ አልጋ ላይ ሲቆዩ፣ 10 ሰዓት ከቆዩበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር ሌፕቲናቸው በ18 በመቶ ወረደ፤ ግሬሊናቸው በ28 በመቶ ወጣ። ረሃባቸውም ጨመረ። ትንሽ ጥናት ነው። ቢሆንም የሌሊት ፈረቃ የሚሠራ፣ ታክሲ የሚነዳ፣ ሁለት ሥራ ይዞ የሚሮጥ ሰው ለምን ኪሎ እንደሚጨምር ሳስብ ይህ ጥናት ትዝ ይለኛል።

በዳይት የቀነስኩት ኪሎ ለምን ይመለሳል?

ብዙ ሰው የሚያለቅስበት ጥያቄ ይህ ነው። ስድስት ወር ታግሎ 15 ኪሎ የቀነሰ ሰው በዓመቱ ሁሉም ሲመለስበት ራሱን ይጠላል። «ደካማ ነኝ» ይላል።

ውስጡ ግን ሌላ ነገር ነው የሚካሄደው። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ይወርዳል። አንጎል ደግሞ ሰውየው ለጤናው ብሎ እንደቀነሰ አያውቅም፤ የሚሰማው «ጎተራው እያለቀ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። ግሬሊን ይወጣል። ሰውነት ኃይል ይቆጥባል፤ ያንኑ ደረጃ ሲወጣ የሚያቃጥለው ያነሰ ይሆናል። በ2011 የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ክብደት የቀነሱ ሰዎችን ሆርሞን ከዓመት በኋላ ለኩ። ያኔም ወደ ቦታው አልተመለሰም ነበር። ረሃባቸውም እንደበረታ ነው። እነ ሊብል ደግሞ ክብደት ለቀነሱ ሰዎች ጥቂት ሌፕቲን ሲሰጡ፣ የወረደው የኃይል አጠቃቀም ወደ ነበረበት ተጠጋ።

ስለዚህ ኪሎ የቀነሰ ሰው ካሸነፈ በኋላም ትግል ላይ ነው። ጥቂት ኪሎ ብቻ ቀንሶ እሱኑ መጠበቅ ትልቅ ሥራ ነው። ከጠቅላላ ክብደት 5 በመቶ ብትቀንሱ እንኳ ለስኳርና ለደም ግፊት ይጠቅማል።

እና ኦዘምፒክ የሚባለው ሌፕቲን ነው?

አይደለም። ሌላ ሆርሞን ነው የሚመስለው። ጂኤልፒ-1 ይባላል፤ ምግብ ሲደርሰው አንጀት ያመነጨዋል። ስኳርን ያስተካክላል፤ ጥጋብን ያመጣል። ተፈጥሯዊው ደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ነው። መድኃኒቱ፣ ሴማግሉታይድ፣ ሳምንት እንዲቆይ ተደርጎ ተሠራ። አሜሪካ ውስጥ ለስኳር በሽታ በ2017 ኦዘምፒክ በሚል ስም ተፈቀደ፤ ለውፍረት ደግሞ በ2021 ዊጎቪ በሚል። በትልቁ ጥናት በ68 ሳምንት በአማካይ 15 በመቶ ገደማ ክብደት ቀንሷል። ለዚህ መንገድ ከጠረጉት አንዷ ስቬትላና ሞይሶቭ ሲሆኑ የሚሠሩት እዚያው ፍሪድማን ባሉበት ሮክፌለር ነው። በ2024 የላስከር ሽልማት ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር አግኝተዋል።

መርፌው ሲቆም ግን የቀነሰው ክብደት ሁለት ሦስተኛው በአንድ ዓመት ውስጥ እንደሚመለስ ታይቷል። ከላይ ያልኩት የጎተራ ነገር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ወገኖች ከጓደኛ እየተቀበላችሁ አትውጉ። መጠኑ ቀስ እያለ የሚጨምር፣ ማስመለስና የሐሞት ጠጠርን ጨምሮ ጉዳት ሊያስከትል የሚችል መድኃኒት ነው፤ ሐኪም ይከታተለው።

እንግዲያው ሁሉም ዘር ነው፤ ጥረት ዋጋ የለውም ማለት ነው?

አይደለም። መንትዮች ላይ የተሠሩ ጥናቶች በሰዎች መካከል ካለው የክብደት ልዩነት ከ40 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከዘር ጋር እንደሚያያዝ ያሳያሉ። ጂናችን በአንድ ትውልድ አልተለወጠም፤ ምግባችንና እንቅስቃሴያችን ግን ተለውጧል። ለስላሳ መጠጥ በየሱቁ ሲደረደር፣ በእግር የሚሄደው ሰው መኪና ሲይዝ፣ ሁሉም ኪሎ ይጨምራል። ማን ይበልጥ ይጨምራል የሚለውን ግን በአመዛኙ ዘር ይወስናል። አንድ ማዕድ የሚበሉ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ሲወፍር አንዱ እንደ እንጨት ደርቆ የሚቀረው ለዚህ ነው። ፍሪድማንም ትግሉ ከውፍረት ጋር እንጂ ከወፍራም ሰዎች ጋር መሆን የለበትም ብለው በአደባባይ ሲከራከሩ ኖረዋል።

የሌፕቲን ምርመራ ላድርግ?

አብዛኛው ሰው አያስፈልገውም። ውጤቱ ሕክምናውን አይቀይርም። ከሱ ይልቅ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የደም ቅባትና የእንቅርት ሆርሞን ይታዩ።

አንድ ሁኔታ ግን ይለያል። ልጁ ከተወለደ ከጥቂት ወራት ጀምሮ ያለ ልክ ከወፈረ፣ ጠግቦ የማያውቅ ከሆነ፣ ከማዕድ ሲነሳ እንኳ እያለቀሰ ምግብ ከጠየቀ፣ በተለይ ወላጆቹ የሥጋ ዘመዳሞች ከሆኑ፣ የሆርሞን ሐኪም ይየው። ሌፕቲን ብቻ ሳይሆን አንጎል ውስጥ መልእክቱን የሚያስተላልፉ ሌሎች ጂኖችም ሊበላሹ ይችላሉ። ለአንዳንዶቹ ሴትሜላኖታይድ የሚባል መድኃኒት በአሜሪካ ከ2020 ጀምሮ አለ። ስትሄዱ ከተወለደ ጀምሮ ክብደቱ የተመዘገበበትን የክትባት ካርድ ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ውፍረቱ በስንት ወሩ እንደጀመረ ነው።